ማዳመጫና ዋጋው፦ በጆሮ ውስጥ የሚገቡ ማዳመጫዎችን ስለ ማወዳደር

(በአምቦ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



ለዛሬ የመረጥሁት ርእስ ለአንዳንድ ባልደረቦቼ የቀለለ መስሏቸዋል። «ስለ ኤርፎን ደግሞ ምን ንግግር ይደረጋል?» ያሉኝም አሉ። መልሴ አጭር ነው። ተማሪው በየቀኑ ለብዙ ሰዓት የሚገለገልበት የፊዚክስ መሣሪያ በቤተ ሙከራችን ውስጥ የለም፤ በጆሮው ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ መሣሪያ ግን አብዛኞቻችን የምናውቀው ሻጩ የነገረንንና በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ያህል ብቻ ነው።

ጥያቄው ሁልጊዜ በአንድ መልክ ይመጣልኛል። «መምህር፣ በጥቂት መቶ ብር የሚገዛውና በብዙ ሺህ ብር የሚገዛው ልዩነታቸው ምንድን ነው? ገንዘብ በጨመርሁ መጠን የምሰማው ነገር ይሻሻላል ወይ?» ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከቤተሰብ በሚላክ ገንዘብ የሚኖሩ ናቸውና ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። ከጊንጪ ወይም ከጉደር ወላጅ የላከው ገንዘብ ለማዳመጫ ሲወጣ ከሳሙናና ከፎቶ ኮፒ ላይ ተቀንሶ ነው። ስለዚህ ጠያቂው የሚገባውን ያህል የተጣራ መልስ ልንሰጠው ይገባል እላለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ጥናት ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2017 ዬሩን ብሬባርት የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ የአኩስቲክስ ማኅበር መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተመ። በጆሮ ውስጥ የሚገቡትን፣ በጆሮ ላይ የሚያርፉትንና ጆሮን የሚከብቡትን ጨምሮ የ283 ማዳመጫዎችን የድግግሞሽ ምላሽ ከችርቻሮ ዋጋቸው ጋር አነጻጸረ። ውጤቱ በጽሑፉ ርእስ ላይ ተቀምጧል፤ በሁለቱ መካከል ዝምድና አልተገኘም። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው ሁሉም አንድ ነው» ብሎ እንዳይደመድም እለምናለሁ። በማዳመጫዎች መካከል ያለው የድምፅ ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው፤ ማንም ጆሮ ያለው ይለየዋል። ጥናቱ የሚለው ያ ልዩነት የዋጋን ቅደም ተከተል አይከተልም ነው። ውድ ሆኖ መጥፎ፣ ርካሽ ሆኖ ጥሩ አለ፤ የዋጋ ወረቀቱ አስቀድሞ አይነግራችሁም።

ይህ ለምን ሆነ? ዕቃውን ብትፈቱት ምክንያቱ ይታያችኋል። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው አንድ ስስ ሽፋን፣ በእርሱ ላይ የተጣበቀ ከፀጉር የቀጠነ ጥቅል ሽቦና አንዲት ማግኔት ነው። በሽቦው ውስጥ የኤሌክትሪክ ሞገድ ሲያልፍ ሽፋኑ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀጠቀጣል፤ አየሩን ይገፋል። ሽፋኑ አሥር ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አለው። እነዚህ ቁሳቁሶች በብዛት ሲመረቱ ብዙ ገንዘብ አይፈጁም። ሌላው ዓይነት፣ ከመስሚያ መሣሪያዎች ቴክኖሎጂ የተወለደው፣ በማግኔቶች መካከል የምትንቀሳቀስ ትንሽ የብረት ምላስ ያለው ነው። ሜድ ኪሊየን የሚባሉት የመስሚያ መሣሪያ ሊቅ ያቋቋሙት ኢቲሞቲክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 ኢአር-4 የተባለውን ማዳመጫ ያወጣው በዚህ ቴክኖሎጂ ነው፤ ዛሬ በጆሮ ቀዳዳ ውስጥ ጠልቀው ለሚገቡት ማዳመጫዎች ሁሉ እንደ አያት ይቆጠራል። ያም ሆነ ይህ፣ ጥሩውን ከመጥፎው የሚለየው በዋነኛነት የብረቱ ክብር ሳይሆን ሠሪው ድምፁን የቃኘበት መንገድ ነው። ክራር ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ እንጨቱ የቱንም ያህል ቢያምር ቅኝቱ ከተበላሸ ዘፈኑ ተበላሸ።

ቅኝት ስል ምን ማለቴ ነው? የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ያለውን ድግግሞሽ ይሰማል ይባላል፤ ዕድሜ ሲገፋ ከላይ በኩል እየቀነሰ ይሄዳል። ማዳመጫው ወፍራሙን፣ መካከለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ በምን መጠን እንደሚያሰማ የሚያሳየው መስመር የድግግሞሽ ምላሽ ይባላል። ብዙ ተማሪዎች መስመሩ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ሲሆን ጥሩ ይመስላቸዋል። ለድምፅ ማጉያ ይህ ወደ እውነት የቀረበ ነው፤ ለጆሮ ውስጥ ማዳመጫ ግን ስሕተት ነው። ስሕተቱ ራሱ ጥሩ ትምህርት ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት።

የጆሯችን ቀዳዳ ርዝመቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ በአንድ ጫፍ ክፍት፣ በሌላው ጫፍ በታምቡር የተዘጋ ነው። እንዲህ ያለ ቱቦ የሚያስተጋባው የሞገዱ ርዝመት የቱቦውን አራት እጥፍ በሆነበት ድግግሞሽ ነው። በአየር ውስጥ የድምፅን ፍጥነት በሰከንድ 340 ሜትር ብንወስድና በአሥር ሴንቲ ሜትር ብናካፍለው 3,400 ሄርዝ እናገኛለን። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ አፍ ላይ ስትነፉ የሚሰማው ድምፅ የዚህ ዘመድ ነው፤ የጠርሙሱ ስሌት የተለየ መሆኑን የፊዚክስ መምህራን ሳያርሙኝ በፊት እኔው ልናገር። እንግዲህ ጆሯችን ከተወለድን ጀምሮ ከሁለት እስከ አምስት ሺህ ሄርዝ ያለውን ድምፅ አጉልቶ ሲሰጠን ኖሯል፤ አእምሯችንም ይህንን እንደ ተፈጥሯዊ ይቆጥራል። ማዳመጫውን ስትሰኩት ክፍት የነበረውን ጫፍ ደፈናችሁት። ያ ማስተጋባት ጠፋ፤ ወይም ቦታውን ለወጠ። ስለዚህ ጥሩ ሠሪ የወሰደባችሁን መልሶ መስጠት አለበት፤ በሦስት ሺህ ሄርዝ አካባቢ ድምፁን ከፍ ማድረግ አለበት። ያላደረገው እንደ ሆነ ዘፋኙ ከመጋረጃ ጀርባ የቆመ ይመስላል። አብዝቶ ያደረገው እንደ ሆነ ደግሞ ጆሮ ይወጋል።

መልሶ የሚሰጠው ምን ያህል ይሁን? ይህ በፍልስፍና የሚመለስ አይደለም፤ ሰዎችን አስቀምጦ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሾን ኦሊቭና ባልደረቦቹ በሃርማን ኩባንያ ለዓመታት ያደረጉት ይህንን ነው። አድማጮቹ ምርቱንም ዋጋውንም ሳያዩ እንዲሰሙና እንዲመዝኑ አደረጉ። ከዚያ ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ2017 ባቀረቡት ሥራ፣ በአርቴፊሻል ጆሮ ላይ ከተለካ መስመር ብቻ ተነሥቶ አድማጮች አንድን ማዳመጫ ምን ያህል እንደሚወዱት በጥሩ ሁኔታ መገመት እንደሚቻል አሳዩ። «ሳያዩ» የምትለውን ቃል አጥብቃችሁ ያዙልኝ። ኦሊቭ ራሱ ከፍሎይድ ቱል ጋር እ.ኤ.አ. በ1994 በድምፅ ማጉያዎች ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ሰዎች የሚሰሙትን ዕቃ ሲያዩና ሳያዩ የሰጡት ፍርድ ተለያይቷል። ዓይን በጆሮ ላይ ይፈርዳል። የወርቅ ቀለም ያለው ካርቶን «ይጣፍጣል»።

ይህ ዕውቀት ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ለማንም ሠሪ የተዳረሰ ስለሆነ ገበያው ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ሙንድሮፕ ቹ የተባለው ባለ ገመድ ማዳመጫ ዋጋው ሃያ ዶላር ያህል ነበር፤ ቅኝቱ ግን ብዙ እጥፍ ከሚያስከፍሉት ጋር ለውድድር ይቀርባል። ከዚህ በላይ የምትከፍሉት ለምቾት፣ ለጥንካሬ፣ ለመልክ፣ ለገመድ አልባነትና ለስም ነው። እነዚህ ዋጋ ቢስ ናቸው አላልሁም፤ ግን ድምፅ አይደሉም።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። የውጭ አገር ገምጋሚዎች ማዳመጫ የሚፈትኑት በሚያውቁት ሙዚቃ ነው። እኛም በምናውቀው መፈተን አለብን፤ ደግሞም በእጃችን ያለው መፈተኛ ከእነርሱ ያነሰ አይደለም። በገናን ውሰዱ። አሥር አውታሮች አሉት፤ በእያንዳንዱ አውታርና በድልድዩ መካከል ቁራጭ ጠፍር ትገባለች። አውታሩ ሲመታ በጠፍሩ ላይ እየነካካ ስለሚንቀጠቀጥ ያ የምናውቀው የንብ ቀፎ የመሰለ ድምፅ ይወጣል። በፊዚክስ ቋንቋ፣ ዝቅተኛው መሠረታዊ ድምፅ ብዙ ከፍተኛ ተከታይ ድምፆችን ይዞ ይወለዳል ማለት ነው። ወፍራሙን ብቻ የሚያጎላ ማዳመጫ በገናን ወደ ከበሮ ይለውጠዋል፤ ንዝረቱ ይሰወራል። ወፍራም ድምፅ የሌለው ደግሞ ወደ ወንፊት ይለውጠዋል። ሁለቱም ጎን በአንድ ጊዜ ሲሰማ፣ አውታሩም ጠፍሩም ሲለይ፣ ያ ማዳመጫ በትክክል የተቃኘ ነው። ማሲንቆ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው፤ የጭራው ፍትጊያ ከመጠን ባለፈ ጊዜ በአምስተኛው ደቂቃ ማዳመጫውን እንድታወልቁ ያደርጋችኋል። የአምቦው ልጅ የሃጫሉ ሁንዴሳ ዜማዎች በዚህ አዳራሽ ብዙ ሰው በቃሉ ያውቃቸዋልና ለድምፅ፣ ማለትም ለሰው ድምፅ፣ ፈተና ከእርሱ የተሻለ አላገኘሁም። በቃል የምታውቁት ዜማ ላይ የጎደለው ወዲያው ይታወቃችኋል።

ቋንቋችንም መፈተኛ ነው። በአማርኛ «ከበረ» እና «ቀበረ» የሚለያዩት በመጀመሪያው ድምፅ ብቻ ነው፤ «ተፋ» እና «ጠፋ»ም እንዲሁ። ጠ፣ ቀ፣ ጨ እና ጰ በአፋን ኦሮሞም ውስጥ አሉ። እነዚህ በጉሮሮ ተገፍተው የሚፈነዱ ድምፆች ዕድሜያቸው እጅግ አጭር ነው፤ ልዩነታቸው ያለውም በመካከለኛውና በከፍተኛው ድግግሞሽ ላይ ነው። «ሰ»ን ከ«ፈ» የሚለየው ፉጨት ከአራት ሺህ ሄርዝ በላይ ይበዛል፤ የድሮው የስልክ መስመር ግን የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ሄርዝ ያለውን ነበርና ስማችንን በስልክ ስንናገር ፊደል እየቆጠርን እናስረዳ ነበር። ወፍራም ድምፅ ከእርሱ በላይ ያለውን የመሸፈን ጠባይ አለው፤ በላይ ያለው ግን በታች ያለውን በዚያ ልክ አይሸፍንም። ስለዚህ «ኤክስትራ ቤዝ» የሚል የተለጠፈበትን ማዳመጫ ለትምህርት ቅጂ የሚጠቀም ተማሪ ቃላት ያመልጡታል። ያላስተዋለውን ነገር መምህሩ በደንብ ያልተናገረ ይመስለዋል፤ በመምህራን ስም ይህችን አቤቱታ ላስመዝግብ።

ማዳመጫ በቅጂው ውስጥ የሌለውን ሊያሰማ አይችልም። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲመሠርት የታተሙት ሸክላዎች በኋላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ካሴት፣ ከዚያም ወደ ሚሞሪ ካርድ ሲገለበጡ በየእርምጃው ቀጭኑ ድምፅ እየተሸረፈ፣ የካሴቱ ሽውታ እየተጨመረ መጣ። በቴሌግራም የሚላላከው በሰከንድ 128 ኪሎ ቢት የተጨመቀ ዘፈን ብዙውን ጊዜ ከ16,000 ሄርዝ በላይ ያለው ተቆርጧል። በካርቶኑ ላይ «እስከ 40,000 ሄርዝ» የሚል የተጻፈበትን ማዳመጫ በውድ ገዝቶ ይህንን ዘፈን የሚሰማ ሰው የከፈለው ለሌሊት ወፍ ነው።

ስለ ገመድ አልባዎቹ ብዙ አልናገርም። ኮዴክ በሚባለው የመጭመቂያ ዘዴ ላይ የሚደረገው ክርክር ከሚገባው በላይ የጋለ ይመስለኛል፤ ተራው ኤስቢሲ በጥሩ ደረጃው በሰከንድ 328 ኪሎ ቢት ያስተላልፋል፤ ኤልዳክ እስከ 990 ይደርሳል፤ ነገር ግን መጥፎ ቅኝትን የትኛውም ኮዴክ አያቃናውም። ለተማሪ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው። በብሉቱዝ ማዳመጫ ማይክራፎን ስትጠቀሙ ግንኙነቱ ወደ ስልክ ንግግር ስልት ይቀየራል፤ በአሮጌው አሠራር የሚሰማው እስከ አራት ሺህ፣ በተሻሻለው እስከ ስምንት ሺህ ሄርዝ ብቻ ይሆናል። በኢንተርኔት ትምህርት ላይ «ድምፁ ለምን ድንገት ቆርቆሮ ሆነ?» የምትሉት ለዚህ ነው። የስልኩን ወይም የኮምፒውተሩን ማይክራፎን ምረጡ፤ ይመለሳል።

ዋጋን በተመለከተ ከድምፁ ይልቅ ዕድሜውን አስሉ እላለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የሃያ ዶላር ዕቃ ዛሬ ለተማሪ ቀላል አይደለም። ገመድ አልባው በውስጡ ያለችው ባትሪ ትንሽ ናት፤ በየቀኑ ስትሞላና ስትራቆት ጥቂት ዓመታት ቆይታ ትደክማለች፤ በአብዛኛው አትለወጥም። ባለ ገመዱ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በመሰኪያው አንገት ላይ ነው፤ ያንን ደግሞ በየመንገዱ ያለ ስልክ ጠጋኝ በጥቂት ብር ይበይደዋል። ገመዱ የሚነቀልና የሚለወጥ ከሆነ ደግሞ ብየዳም አያስፈልገውም። እኔ በዚህ በኩል አድልዎ እንዳለኝ አልክድም፤ ታዋቂ ስም የታተመበት ገመድ አልባ በቅናሽ አገኘሁ ብዬ ገዝቼ፣ ስሙ ብቻ እውነተኛ ሆኖ ያገኘሁት ሰው ነኝ። ስሙን ማተም ከቅኝቱ ይቀላል።

ከላይ ያልሁት ሁሉ ግን ከአንድ ነገር በታች ነው፤ ጫፏ ላይ ካለችው ጎማ። ጎማዋ የጆሮውን ቀዳዳ በሚገባ ካልዘጋች ወፍራሙ ድምፅ በክፍተቱ ሾልኮ ይጠፋል። በካርቶኑ ውስጥ ሦስት መጠን የሚሰጡት ለዚህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን መጀመሪያ የተሰካችውን ይዞ ይቀራል። ሁለቱ ጆሮዎቻችሁ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ፤ ለቀኝና ለግራ የተለያየ መጠን ማድረግ ነውር የለውም። በደንብ የገጠመች ጎማ የውጭውን ጩኸት በ20 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ትቀንሳለች። ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው። ድምፁ በሦስት ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በ83 ሃያ ሰዓት፣ በ86 አሥር፣ በ89 አምስት፣ በ92 ሁለት ሰዓት ተኩል። በሞተርና በንፋስ በተሞላ አውቶቡስ ውስጥ ጎማው ያልገጠመ ማዳመጫ ያደረገ ሰው ቃላቱን ለመስማት ድምፁን ከጩኸቱ በላይ ማድረግ አለበት፤ ወፍራሙ ድምፅ ሾልኮ ስለጠፋበትም ይበልጥ ይጨምራል። እኔ በወጣትነቴ ከአዲስ አበባ አምቦ በየሳምንቱ ስመላለስ ያደረግሁት ይህንን ነው። በሆለታ በኩል የጀመርሁትን ካሴት ጊንጪ ስደርስ እገለብጠዋለሁ፤ የድምፁ ቁልፍ ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ ነበር። ዛሬ በቀኝ ጆሮዬ ውስጥ የማይቋረጥ ቀጭን ፉጨት አለ። ቀን ቀን አይታወቀኝም፤ ሌሊት ከተማው ጸጥ ሲል ይመጣል። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት በሰው ላይ አንዴ ከሞቱ አይበቅሉም፤ ስለዚህ ሐኪሙ ሊለምደኝ እንደሚችል እንጂ እንደሚጠፋ አልነገረኝም። የዚያ ማዳመጫ ዋጋ ስንት ነበር ብትሉኝ፣ በጊዜው እጅግ ርካሽ ነበር።

በዚህ ምክንያት «የቱን ልግዛ?» ለሚለኝ ተማሪ የመጀመሪያው ጥያቄዬ «የት ሆነህ ትሰማለህ?» የሚል ሆኗል። በማደሪያ ክፍል ጸጥታ ውስጥ ከሆነ ቅኝቱ የተስተካከለ ርካሽ ባለ ገመድ ይበቃዋል። በመንገድ ላይ ከሆነ በጎማው መግጠም ላይ፣ አቅሙ ካለውም ጩኸትን በተቃራኒ ሞገድ በሚያጠፋው ላይ ገንዘብ ቢያወጣ አልቃወምም፤ ይህ ዘዴ ከሁሉ ይልቅ የሚሠራው እንደ ሞተር ባለው ዝቅተኛ ድምፅ ላይ ነውና።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንሂድ። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የሚል ፊደል የተለጠፈባቸው አራት ማዳመጫዎች አሉ፤ ስማቸው በፕላስተር ተሸፍኗል፤ ዋጋቸው በታሸገው ፖስታ ውስጥ ነው። ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ስለሚመስል የአራቱንም የድምፅ መጠን በመለኪያ አስተካክያለሁ፤ ስለዚህ እባካችሁ ቁልፉን አትንኩ። ጎማዎቹ በአልኮል ተጠርገዋል፤ ለጆሯችሁ የሚሆነውን መጠን ከሣጥኑ መርጣችሁ አድርጉ። መጀመሪያ የሚመጣው በገና ነው፤ ቀጥሎ ማሲንቆ፤ ከዚያ አንዲት ሴት «ከበረ»፣ «ቀበረ»፣ «ተፋ»፣ «ጠፋ» እያለች በተቀላቀለ ቅደም ተከተል ትናገራለች። የሰማችሁትን በወረቀቱ ላይ ጻፉ፤ የወደዳችሁትንም በፊደሉ አመልክቱ። ፖስታውን የምከፍተው የመጨረሻው ወረቀት ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ተራ የሚጠብቁ እስከዚያው ጥያቄ ሊያቀርቡ ይችላሉ።